ላፕቶፕም እንደ ቡና ነው፤ በስሙ ሳይሆን በደረጃው ይገዛል

ዛሬ የቡናም የሰሊጥም ዋጋ አልያዝኩም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ነገር ነው የማነሳው፦ «ለቢሮ ላፕቶፕ ልንገዛ ነው፣ የሚያስተማምነው ብራንድ የቱ ነው? ኤችፒ ነው፣ ዴል ነው ወይስ ሌኖቮ?»

ጥያቄው ከገበያችን የራቀ አይደለም። ላኪው የኒውዮርክን ዋጋ የሚከታተለው፣ ከገዢው ጋር የሚጻጻፈው፣ ኮንትራቱንና የመላኪያ ሰነዱን የሚያዘጋጀው በላፕቶፕ ነው። ዩኒየኖች ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ የሚጀምርበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም የሚጠይቀው መረጃ አልቀረም። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው በፖሊጎን፣ ከዚያ በታች የሆነው ቢያንስ በአንድ የጂፒኤስ ነጥብ መመዝገብ አለበት። ባለሙያ ቀበሌ ለቀበሌ በእግሩ ዞሮ የሰበሰበው የሺዎች ገበሬ መረጃ መጨረሻው አንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ አንድ ማሽን ነው። ያ ማሽን በጭነት ሰሞን አልነሳም ካለ የቢሮ ሥራ ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ኮንቴይነሩም ይቆማል።

እኔ ደላላ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ግን ላፕቶፕ የሚገዛበትና ቡና የሚገዛበት መንገድ አንድ መሆኑን አይቻለሁ። ስለዚህ በምናውቀው ሥራ እንየው።

ስሙ መነሻ ነው እንጂ ደረጃ አይደለም

አንድ ሰው መጥቶ «ይርጋጨፌ አለኝ» ቢላችሁ ገንዘብ አትቆጥሩለትም። የታጠበ ነው ያልታጠበ? ደረጃው ስንት ነው? የዘንድሮ ነው ወይስ የከረመ? እስቲ ናሙናውን አምጣ፣ ትሉታላችሁ። ይርጋጨፌ ደረጃ 1 አለ፣ ይርጋጨፌ ደረጃ 5ም አለ። ስማቸው አንድ ነው፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ያው ጠንቃቃ ነጋዴ ላፕቶፕ ሱቅ ሲገባ ግን «ኤችፒ ነው» ስለተባለ ብቻ ይከፍላል። ኤችፒ፣ ዴል፣ ሌኖቮ የመነሻ ስሞች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከፍተኛውንም ዝቅተኛውንም ደረጃ ይሠራሉ። «ዴል ገዝቼ 5 ዓመት ሠራልኝ» የሚለውም፣ «ዴል ገዝቼ በዓመቱ ማጠፊያው ተሰበረ» የሚለውም ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የገዙት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለማ!

የዛሬው ዋና ነገር ይኼ ነው፦ በሦስቱ ትልልቅ ብራንዶች መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በአንዱ ብራንድ ውስጥ ለመሥሪያ ቤት በተሠራውና ለቤት በተሠራው መካከል ያለው ልዩነት ይበልጣል። እናም «የቱ ብራንድ?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው መስመር?» በሉ። ሻጮች «ሲሪስ» የሚሉት ነው።

ደረጃውን እንዴት ታውቃላችሁ?

ስሙ ክዳኑ ላይ፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ወይም ከሥሩ ተጽፏል።

ሌኖቮ፦ የመሥሪያ ቤቱ መስመር ቲንክፓድ ነው። ቲንክፓድ በ1992 የጀመረው አይቢኤም ሲሆን ሌኖቮ የአይቢኤምን የፒሲ ሥራ የተረከበው በ2005 ነው። ቲንክፓድ ውስጥም ደረጃ አለ። ቲ እና ኤክስ በሚል ፊደል የሚጀምሩት ከፍ ያሉት ናቸው፣ ኤል ይከተላል፣ ኢ ደግሞ ለአነስተኛ ቢሮ በቅናሽ የተሠራ ነው። አይዲያፓድ የቤት ነው።

ዴል፦ የመሥሪያ ቤቱ መስመር ላቲቲዩድ ነው። ቁጥሩ በ3 ከጀመረ ዝቅተኛው፣ በ5 ከጀመረ መካከለኛው፣ በ7 ከጀመረ ከፍ ያለው ነው። ኢንስፓይሮን የቤት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዴል በጥር 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስሞቹን ቀይሯል። አዲሱ የመሥሪያ ቤት መስመር «ዴል ፕሮ» ይባላል፣ ያለ ተጨማሪ ስም «ዴል» ብቻ የሚባለው የቤቱ ነው። ስለዚህ አዲስ ማሽን ላይ ላቲቲዩድ የሚል ጽሑፍ ብታጡ አትደንግጡ።

ኤችፒ፦ ኤሊትቡክ ከፍተኛው፣ ፕሮቡክ ከሥሩ ያለው የመሥሪያ ቤት መስመር ነው። ፓቪሊየን እና «ኤችፒ 15» የሚባሉት የቤት ናቸው።

አሱስና ኤሰር፦ እነሱም ለመሥሪያ ቤት የሚሠሩት አላቸው፣ የአሱሱ ኤክስፐርትቡክ፣ የኤሰሩ ትራቭልሜት ይባላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለወትሮው የምታሠሩበትን ጠጋኝ «የዚህ ኪቦርድና ባትሪ ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ቶሺባ፦ አንዳንዶቻችሁ አሁንም «እንደ ቶሺባ የለም» ትላላችሁ። የድሮው ጠንካራ ነበር፣ አልክድም። ነገር ግን ቶሺባ አብዛኛውን የላፕቶፕ ድርሻውን በ2018 ለሻርፕ ሸጦ፣ በ2020 የቀረውንም አስረክቦ ከሥራው ወጥቷል። ስሙም ዳይናቡክ ሆኗል። ዛሬ ቶሺባ ተብሎ የሚሸጥላችሁ ላፕቶፕ የከረመ ምርት ነው ማለት ነው።

አፕል፦ በ2020 መጨረሻ ከወጣው ኤም 1 ወዲህ ያሉት ማክቡኮች ባትሪያቸው ረጅም፣ ሙቀታቸው ትንሽ ነው። ለእኛ ሥራ ግን ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ብዙ ቢሮ የሚጠቀምበት ፒችትሪ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ራሙም ስቶሬጁም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልጨምር ማለት አይቻልም። ሥራ አስኪያጁ ለኢሜይልና ለስብሰባ ይያዘው፣ የሒሳብ ክፍሉ ግን ዊንዶውስ ይግዛ።

የመሥሪያ ቤት መስመር ለምን ይበልጣል?

ገዢው ስለሚለይ ነው። የቤቱን መስመር የሚገዛው ሰው የሚያየው ዋጋውን፣ ቀለሙንና ቅጥነቱን ነው። የመሥሪያ ቤቱን መስመር የሚገዛው ሺህ ማሽን ባንዴ የሚያዝ ባንክ ወይም ድርጅት ነው። እሱ ማሽን በተበላሸ ቁጥር የሠራተኛ ቀን ስለሚቃጠልበት አምራቹን ያስጨንቀዋል።

በዚህ ምክንያት ማጠፊያው ጠንከር ይላል። ብዙዎቹ ኪቦርድ ላይ ጥቂት ውኃ ወይም ሻይ ቢፈስ ለጊዜው እንዲቋቋም ተደርጎ ይሠራል። በንዝረት፣ በአቧራና በሙቀት ይፈተናሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጥገናው ነው። አምራቾቹ እንዴት እንደሚፈታ፣ የቱ ዕቃ በየቱ እንደሚተካ የሚያሳይ የጥገና መመሪያ በነፃ ያወጣሉ። ውጭ ያሉ ድርጅቶች ደግሞ ከ3 እና 4 ዓመት በኋላ በብዛት ስለሚያስወግዷቸው ያገለገለ ስክሪን፣ ኪቦርድና ባትሪ ገበያው ላይ አይጠፋም።

የሚያስተማምን ማሽን ማለት የማይበላሽ ማለት አይደለም፣ እንዲህ ያለ ማሽን የለም። የሚያስተማምነው ሲበላሽ መርካቶ ተወስዶ በማግሥቱ የሚመለሰው ነው። በአዲስ የቤት ላፕቶፕና በደህና ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ መካከል ተመሳሳይ ዋጋ ካለ ለቢሮ ሥራ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ያዋጣል የምለው ለዚህ ነው።

የምርት ዘመኑን እዩ

የከረመ ቡና ደረጃው ጥሩ ቢሆንም ሲቀመስ ያስታውቃል። ላፕቶፕ ላይ የምርት ዘመን የሚባለው ጀነሬሽኑ ነው።

ገበያ ላይ የሚበዛው ማታለያ «ኮር አይ 7 ነው» የሚለው ነው። አይ 7 መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። 4ኛ ጀነሬሽን የሆነው አይ 7-4600ዩ ባለ 2 ኮር ነው። በ2017 የወጣው 8ኛ ጀነሬሽን አይ 5-8250ዩ ግን ባለ 4 ኮር ነው። ስሙ ትንሽ የሆነው በሥራ ይበልጣል።

አነባበቡ ቀላል ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። በ6፣ በ7፣ በ8 ከጀመረ 6ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። በ10፣ በ11፣ በ12፣ በ13 ከጀመረ 10ኛ፣ 11ኛ እያለ ይቀጥላል። «ኮር አልትራ» የሚባሉት ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የወጡ ናቸው።

ለምንድነው ይህን ያህል የሚያስጨንቀው? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ማሽን ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ውጭ ያሉ ድርጅቶች 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ማሽኖቻቸውን የሚያራግፉበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ «ኤሊትቡክ በዚህ ዋጋ!» እየተባሉ ይሸጣሉ። ጠጋኙ ዊንዶውስ 11ን በመላ ይጭንላችኋል፣ ይሠራልም፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የደኅንነት ማሻሻያ እሰጣለሁ ብሎ ዋስ አይሆንም።

ላኪ ለሆነ ሰው ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌባ ኢሜይል ውስጥ ገብቶ ተደብቆ ይጠብቃል። ክፍያው ሲደርስ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ በእናንተ ስም ለገዢው ይጽፋል። የአንድ ኮንቴይነር ብር እንዲህ ሊሄድ ይችላል። ማሻሻያ የማያገኝ ማሽን በሩ እንዳልተቆለፈ መጋዘን ነው።

ናሙና ሳታዩ አትክፈሉ

ቡና ሲመረመር ጥሬው ከ40፣ ቅምሻው ከ60 ይያዛል። ያገለገለ ላፕቶፕም እንደዚያው ነው። ብራንዱና መስመሩ 40ውን ይሰጣችኋል፣ 60ው ያለው እጃችሁ ላይ ባለው ማሽን ውስጥ ነው። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡና እነዚህን እዩ።

1. ባትሪ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትዕዛዝ አለው፣ ማንኛውም ጠጋኝ በሁለት ደቂቃ ያወጣላችኋል። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ማለት ሲወለድ የነበረው አቅም ነው። «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ማለት ዛሬ የቀረው ነው። 50,000 የነበረው 25,000 ከሆነ ግማሹ አልቋል፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ በሉ።

2. ዲስክ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነትና ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፣ የሚሽከረከረውን የድሮ ሃርድ ዲስክ ተዉት።

3. ቁልፍ። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። ማሽኑ የውጭ ድርጅት ንብረት ሆኖ ከመዝገባቸው ሳይሰረዝ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ዊንዶውስ ሲጫንበት «የድርጅትህን ኢሜይል አስገባ» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ፊታችሁ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ከዜሮ ይጫን በሉ። ባዮሱም ይከፈት፣ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተነሱና ሂዱ።

4. ሲሪያል ቁጥር። ከሥሩ የተለጠፈውና ባዮስ ውስጥ ያለው አንድ መሆን አለበት። ከተለያየ ቦርዱ ተቀይሯል ወይም ሽፋኑ የሌላ ነው። ቁጥሩን ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ሞዴሉን ይነግራችኋል፣ ዋስትና ካለውም ያሳያል።

5. አካሉ። ክዳኑን በአንድ እጅ ክፈቱት። ማጠፊያው ከላላ ወይም ጠርዙ ከተሰነጠቀ ተዉት። እያንዳንዱን የኪቦርድ ፊደል ምቱ። ፍላሽ በየቀዳዳው ሰክታችሁ ሞክሩ። ቪዲዮ ከፍታችሁ 20 ደቂቃ ተዉትና አድናቂው ቢጮህ፣ ሥሩ ቢያቃጥል ወይም ራሱን ቢያጠፋ እወቁበት።

ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ እናንተም ገንዘብ የላችሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የእኛ ሁኔታ፦ መብራትና አቧራ

ላፕቶፕ ገዳዩ ብዙ ጊዜ አምራቹ አይደለም፣ መብራቱ ነው። ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ጄነሬተር ሲነሳ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል መጀመሪያ ቻርጀሩን፣ ቀጥሎ ቦርዱን ይመታል። ለማሽኑ የከፈላችሁትን ያህል ባይሆንም ለደህና ስታብላይዘር ክፈሉ። ርካሽ ዲቫይደር ላይ አምስት ነገር ሰክታችሁ ብራንዱን አትውቀሱ። ቻርጀር ስትቀይሩም ዋቱን አመሳስሉ፣ ትክክለኛውን ግዙ። አዳዲሶቹ በዩኤስቢ ሲ ስለሚሞሉ ለዚህ ይቀላሉ።

መጋዘንና መፈልፈያ አካባቢ የሚሠራ ላፕቶፕ ደግሞ የቡና ገለባና የጤፍ ብናኝ ይስባል። አየር ማስገቢያው ሲደፈን ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይዘገያል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ከምርት ሰሞን በፊት አንድ ጊዜ፣ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ይጠረግ። የመሥሪያ ቤቱ መስመር እዚህም ያዋጣል፣ የብዙዎቹ የሥር ክዳን ጥቂት ብሎን ተፈትቶ ይነሳል።

ዋጋውስ?

ላፕቶፕም ራሱ ኮሞዲቲ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ መመራት ከጀመረ ጀምሮ የላፕቶፕ ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሌላ ነገር መጥቷል፦ የራም ዋጋ። ዓለም ላይ አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚገነቡት ግዙፍ ዳታ ማዕከሎች ቺፑን ስለሚሻሙ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ዋጋው በጣም ወጥቷል። ሦስት አቅራቢ፣ ብዙ ፈላጊ፤ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህ ለገዢ ምን ማለት ነው? «አሁን 8 ጊጋ ልግዛ፣ ሲረክስ እጨምራለሁ» የሚለው ስሌት ዛሬ አያስተማምንም። ለኤክሴል፣ ለፒችትሪና ለካርታ ሥራ 16 ጊጋ ያለውን መጀመሪያውኑ ፈልጉ። ካልሆነ ራም መጨመሪያ ባዶ ቦታ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ሁሉም ቲንክፓድ ቦታ አለው እንዳትሉ። ለምሳሌ ኤክስ 1 ካርበን የሚባለው ቀጭን ማሽን ራሙ የተበየደ ነው።

ዩኒየኖች ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ

ዩኒየን ላይ ችግሩ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። «ላፕቶፕ፣ ኮር አይ 7፣ ብራንዱ ኤችፒ» ብላችሁ ሦስት ፕሮፎርማ ከሰበሰባችሁ በዋጋ የሚያሸንፈው ያው አሮጌው አይ 7 ወይም የቤቱ መስመር ነው። አቅራቢው አላታለላችሁም፣ የጠየቃችሁትን ነው ያመጣው። «ቡና 100 ኩንታል» ብላችሁ ያለ ደረጃ ብታዙ ምን እንደሚመጣላችሁ ታውቁታላችሁ።

እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ለመሥሪያ ቤት አገልግሎት የተሠራ መስመር፣ እንደ ላቲቲዩድ 5000፣ ቲንክፓድ ቲ ወይም ኤሊትቡክ ወይም ከእነዚህ ጋር ተመጣጣኝ፤ አዲስ ከሆነ ከ12ኛ፣ ያገለገለ ከሆነ ከ8ኛ ጀነሬሽን ያላነሰ፤ ራም 16 ጊጋ፤ ኤስኤስዲ ከ256 ጊጋ ያላነሰ፤ ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ቀሪ አቅም ከ80 በመቶ ያላነሰ፤ ባዮሱ ያልተቆለፈ፤ ሲሪያል ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ የተጻፈ፤ የአቅራቢው ዋስትና በወር ተለይቶ የተገለጸ። ይህን ስትጽፉ ዋጋው ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ግን የምታወዳድሩት አንድ ዓይነት ዕቃ ይሆናል።

አምስት ማሽን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አምስቱም አንድ ሞዴል ይሁኑ። ቻርጀሩ ይዋዋሳል፣ አንዱ ቢሞት ኪቦርዱና ስክሪኑ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል።

በመጨረሻ፦ መረጃው ከማሽኑ ይበልጣል

ከሁሉ የተሻለውን ብትገዙም ሊሰረቅ፣ ሊወድቅ፣ መብረቅ ሊመታው ይችላል። የገበሬዎች መረጃ፣ የኮንትራት ፋይልና የፒችትሪ ባካፕ ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፦ አንዱ ማሽኑ ላይ፣ አንዱ ሌላ ክፍል በሚቀመጥ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ። በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት አንድ ሰው በስሙ ይመደብበት። ለመጋዘን ኢንሹራንስ የሚገባ ነጋዴ ለዚህ አይሰንፍም።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን ካላችሁኝ፦ ከሦስቱ ብራንድ የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ የመሥሪያ ቤቱን መስመር ያዙ፣ ጀነሬሽኑን አንብቡ፣ ናሙናውን ፈትሹ። ገበሬው ዓመት ሙሉ የለፋበት ምርት በአንድ ሺህ ብር ቅናሽ ምክንያት ጭነት ላይ እንዳይቆም።

ልትገዙ ያያችሁት ሞዴል ካለ ስሙንና የፕሮሰሰሩን ቁጥር ላኩልኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ለዩኒየናችሁ የግዢ ክፍልም ሼር አድርጉለት። በሚቀጥለው ወደ ዋጋችን እንመለሳለን።

መልካም ገበያ!